ርስት በሺህ ዓመቱ፤ ቤት በአሥራ አምስት ዓመቱ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ብሎ ለመገመት ያስቸግራል። አባቶቻችን በዚህ አነጋገር ሊያስተላልፉት የፈለጉት አሳብ ግልጽ ነው። ይኸውም ባለርስቱ ቢሰደድ፣ ቢደኸይ ወይም ቢሞት እንኳ መብቱ አብሮት አይቀበርም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ «ይህ የአባቴ አጥር ነው» ቢል አገሩ ይመሰክርለታል፤ ዳኛም ይሰማዋል ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በቁጥር 1168 ላይ ከሺሁ ዓመት 985ቱን ቀንሶ 15ቱን ብቻ አስቀረ። አንድ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ የባለቤትነቱን ግብር 15 ዓመት ሳያቋርጥ ከከፈለ የንብረቱ ባለቤት ይሆናል ይላል።

የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቱን ኃይል ጨርሰው ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። በዚያው ቁጥር ሥር በልማድ የቤተ ዘመድ የጋራ ለሆነው ርስት የተለየ ጥበቃ ተደርጎለት እናገኛለንና። ይህን ለሕግ ተማሪዎች ልተወውና ወደ ተነሣሁበት ልግባ፤ የዛሬው ነገሬ ስለ ርስት ሳይሆን ስለ ኪራይ ቤት ነው።

በከተሞቻችን ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ከሚፈሩአቸው ነገሮች አንዱ ተከራይ «ሥር ይሰዳል» የሚለው ነው። ኪራዩን በየወሩ የሚከፍል፣ ግቢውን የሚያጸዳ፣ ከጎረቤት ጋር የተስማማ ተከራይ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ድንገት ልቀቅ ይባላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አከራይዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብዙ ከቆየ ቤቱን ይወስደዋል ብለውኛል» ይላሉ። ማን እንዳላቸው አይታወቅም። ደላላው ሊሆን ይችላል፤ ለደላላ ተከራይ በተለወጠ ቁጥር ገቢ አለውና። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎቹ በኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ ሌሎቹም እናት አባታቸው አንድ ሁለት ክፍል የሚያከራዩ ስለ ሆኑ ጕዳዩ ከደጃቸው የራቀ አይደለም።

ወሬው ሐሰት ነው። ነገር ግን አደጋ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። አደጋው ያለው ተከራዩ በተቀመጠበት ዘመን ርዝመት ላይ ሳይሆን፣ ግብር በሚከፈልበት በአንዲት ጠባብ መስኮት ፊት በሚጻፍ አንድ ስም ላይ ነው።

በሕጉ አነጋገር ይዞታ ማለት አንድን ነገር በእጅ አድርጎ ማዘዝ ነው። ይሁን እንጂ በእጁ ያደረገ ሁሉ ለራሱ የያዘ አይደለም። እረኛ ከጧት እስከ ማታ ከከብቶቹ ጋር ይውላል፤ ያሰማራል፤ ያጠጣል፤ ማታም ወደ በረት ያስገባል። ሃያ ዓመት ቢያግድ ግን ከብቶቹ የእርሱ አይሆኑም። ተከራይም እንዲሁ ስለ ሌላ ሰው የያዘ ነው። ኪራይ በከፈለ ቁጥር «ይህ ቤት የእኔ አይደለም» ብሎ እንደ ፈረመ ሊቈጠር ይገባዋል። ሕጉ በሌላ ሰው ስም መያዝ የጀመረ ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በዚያው ሁኔታ እንደ ቀጠለ ይገምታል። በስውር የተያዘ ወይም ለማን እንደ ተያዘ የማይታወቅ አሻሚ ይዞታም ዋጋ የለውም። የኪራይ ዘመኑ አልቆ አከራዩ እያወቀ፣ ሳይቃወምም ተከራዩ ቢቀመጥ እንኳ የሚታደሰው ኪራዩ ነው፤ ባለቤትነት አይወለድም።

ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚፈልግ ቢኖር የቀበሌ ቤቶችን ይመልከት። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ በእነዚያ ቤቶች ልጆች ተወልደው፣ አድገውና ተድረው የልጅ ልጅ አሳይተዋል። ግድግዳው ሲፈርስ የመረጉት፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የለወጡት እነርሱው ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ ኪራይ የከፈሉ ቤተ ሰቦች ከአርባ ዓመት በላይ ተከራይ ሆነው ኖረዋል። እርግጥ በዚያ በኩል አከራዩ መንግሥት ስለ ሆነ ነገሩ ሌላም መልክ አለው፤ ዘመን ብቻውን ተከራይን ባለቤት እንደማያደርግ ግን በቂ ማስረጃ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ መስኮቷ ልመለስ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ልጨርስ በተቃረብሁበት ጊዜ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተልኬ ጥቂት ወራት ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደረሰኝ የሞላበት ፌስታል ይዘው መጡ። እኚህ ሴት ከሚኖሩበት ግቢ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ከእናታቸው የወረሱት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበራቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ለአንድ ሰው አከራዩት። ውል አልተጻፈም። «ያኔ ሰው በቃሉ ይታመን ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

እግራቸውን ስለሚያማቸው የጣሪያና ግድግዳውን ግብር በየዓመቱ የሚከፍልላቸው ያው ተከራይ ነበር። የከፈለውን ከኪራዩ ይቀንሳል፤ ደረሰኙንም ያመጣላቸዋል፤ እርሳቸውም ማንበብ ስለማይችሉ ተቀብለው ከፍራሹ ሥር ያኖሩታል። በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ልጃቸው ትዳር ሊይዝ ሆነና ቤቱን ልቀቅልን ቢሉት፣ «የትኛውን ቤት ነው የምለቅልዎ? ግብሩን በስሜ የምከፍለው እኔ አይደለሁም ወይ?» ብሎ መለሰላቸው።

ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ በየዓመታቸው ደረደርናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በእናቲቱ ስም ተቈርጠዋል። ከሰባተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ስማቸው ጠፍቶ በቦታው የተከራዩ ስም ተተክቷል። ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። አዲስ ሠራተኛ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ ወረፋው ረዝሟል፤ «በማን ስም ልቍረጠው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወዲህ ማዶ የቆመው ሰው «በእኔ» ይላል፤ ይቈረጥለታል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሠራተኛ ደግሞ የባለፈውን ዓመት ደረሰኝ አይቶ ይገለብጣል። ስሕተት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ዓመቱን ከያዘ መዝገብ ይሆናል።

ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። እንደ እኛው ወጣት፣ በትንሽ ደመወዝ የሚኖር፣ ምናልባትም ከቤቱ የሚያስወጣው አከራይ ያስቸገረው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ከጠየቀው ጥያቄ ቀጥሎ አንድ ሌላ ጥያቄ ቀርቶታል፤ ይኸውም «እርስዎ የቤቱ ምን ነዎት?» የሚለው ነው። ለሦስት ቃል መልስ የሚበቃ ቦታ በማንኛውም ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይገኛል።

ሕጉ ለምን ከሁሉ ነገር መርጦ ግብርን ምልክት አደረገ? በእኔ አስተያየት ትክክለኛውን ነገር መርጧል። ሰው በቤት ውስጥ ለመኖር ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ ዘመድ ስለ ሆነ፣ ዘበኛ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ስላዘነለት ሊኖር ይችላል። የቤቱን ሸክም በየዓመቱ በራሱ ስም የሚሸከም ግን የእኔ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ይህ ቁጥር ለሌባ የተሰጠ ሽልማት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እስቲ ይህን ያስቡ፤ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በሦስት ሽማግሌዎች ፊት በተጻፈች አንዲት ወረቀት ቤት ገዝቶ ገባ። ስም አላዛወረም። ሻጩ ሞተ፤ ሽማግሌዎቹም ሞቱ። ገዢው ግብሩን እየገበረ፣ ልጆቹን እያሳደገ ሃያ ዓመት ከኖረ በኋላ የሻጩ ልጆች መጥተው «የአባታችን ቤት ነው» ይሉታል። ለዚህ ሰው ከቁጥር 1168 በቀር ምን መጠጊያ ቀርቶለታል? ሺህ ዓመት የሚጠብቅ መብት ለተረት ያምራል፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ግን ክርክር የሚያልቅበት ቀን መኖር አለበት።

መሬትን በሚመለከት ነገሩ ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት የመንግሥት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ስለዚህ የ15 ዓመቱ ቁጥር ስለ መሬቱ የነበረውን ጕልበት አጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በላዩ የተሠራው ቤት ግን የግል ሀብት ሆኖ ቀርቷል፤ ክርክሩም የቀረው በቤቱ ዙሪያ ነው።

የሰው ቤት ሳይሆን ባዶ ቦታ ስለ ያዙት ሰዎች የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሌሊት ተሠርተው ጧት የሚታዩትን ጎጆዎች ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ይላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሕጋዊ ለመሆን የጠየቁት በ15 ዓመት ግብር አልነበረም። ከተማው ለእነርሱ ያቆመው ምስክር ከሰማይ ነው። በመጀመሪያ በ1988 ዓ.ም. የተነሣው የአየር ፎቶግራፍ፣ ቆይቶም የ1997ቱ መለኪያ ተደርጎ፣ ጣሪያው በፎቶግራፉ ላይ የታየ ሰው በደንቡ መሠረት ይዞታው ሊጸናለት ቻለ፤ ያልታየው ቀረ። ፎቶግራፉ ከተነሣ በማግስቱ ቆርቆሮ የመታ ሰው ዕድሉን ምን ብሎ እንደሚረግም አላውቅም።

የሌላ አገር ሕግ ማየት የራስን ለማመዛዘን ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ በሌላ ሰው መሬት ላይ እንደ ባለቤት በግልጥ የተቀመጠ ሰው አምስት ዓመት ይበቃዋል፤ ነገር ግን እንደ እኛው ሕግ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግብሩን ሁሉ የከፈለ መሆን አለበት። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት የመሬት ምዝገባ ሕግ አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል። የተመዘገበ ቦታ አሥር ዓመት የያዘ ሰው ይጽናልኝ ብሎ ሲያመለክት፣ መዝገብ ቤቱ በመዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ደብዳቤ ይጽፋል። ባለቤቱ ከተቃወመ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ማመልከቻው ይወድቃል፤ እርሱም ያዡን የሚያስወጣበት ሁለት ዓመት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብቶ መቀመጥን ወንጀል አደረጉት። እኔን የማረከኝ ቅጣቱ ሳይሆን ያቺ ደብዳቤ ናት። መብትህ ሊሄድ ነውና ምን ትላለህ ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የእኛም የ2006 ዓ.ም. የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የይዞታውን ውጤት ለሕዝብ ገልጦ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ያደርጋል። ማስታወቂያው የተለጠፈበትን ግድግዳ የሚያይ ግን በሰፈሩ ያለ ሰው ነው። ቤቱን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚኖረው ወገናችን አያየውም። ግብሩንም የሚከፍልለት ያው ዘመድ ነው።

አከራዮች ሲጨንቃቸው የሚወስዱት አንድ እርምጃ አለ፤ ስለ እርሱ በግልጥ መናገር ያስፈልጋል። ተከራይ አልወጣም ሲል ውሃና መብራት ይቈርጣሉ፤ በሩን ይነቅላሉ፤ ከዚያም አልፎ ቆርቆሮውን ያወርዳሉ። የእኔ ቤት ስለ ሆነ የማደርገውን ማንም አይጠይቀኝም ብለው ያምናሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በቁጥር 1148 ላይ የሚነጥቀውን ወይም የሚያውከውን ሰው በኃይል የመከላከል መብት የሰጠው ለባለይዞታ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ለያዘውም ጭምር ነው። ስለዚህ ካርታ በኪሱ ይዞ ጣሪያ ላይ የወጣው ባለቤት በሕግ ፊት ጥፋተኛው ራሱ ሊሆን ይችላል። የሚያዋጣው ፍርድ ቤት መሄድ ነው፤ ፈጥኖ መሄድ። ባዶ ቤቱን ሌላ ሰው ሰብሮ ቢገባበት ይዞታዬ ይመለስልኝ ብሎ የሚከስበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ይህ ካለፈ ባለቤትነቱን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ያ ደግሞ ረዥሙ መንገድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዟል። አከራዮች አልወደዱትም። ግብር ሊያስከፍሉን ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ገቢያቸው ከዚህ በኋላ አይደበቅም። ያልተመለከቱት ነገር ግን አለ። በየወሩ በባንክ የሚገባው ኪራይ ተከራዩ ተከራይ መሆኑን በራሱ እጅ እየመሰከረ የሚሄድ ወረቀት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቢቀመጥ 180 ጊዜ መስክሯል። ሥር ይሰድብኛል ብሎ በአራተኛው ዓመት ደኅናውን ተከራይ የሚያስወጣ አከራይ፣ ከዚህ የሚበልጥ አጥር ከየት እንደሚያገኝ አይታየኝም። በቃል ያከራየ ሰው ግን ያንን አጥር ራሱ አፍርሶታል፤ ከተካደ ኪራይ መኖሩን የሚያስረዳው በጎረቤትና በእድር ሰዎች ምስክርነት ነው። ጎረቤት ይሞታል፤ ሰፈር ይፈርሳል፤ ሰውም ይበተናል።

የእናቲቱ ነገር ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ተከራዩ በስሙ የከፈለው 11 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ 15ቱን አልሞላም ነበር። እርሱ ግን የመጀመሪያዎቹንም ስድስት ዓመታት ከኪሴ የከፈልሁ እኔ ነኝ፣ በእርሳቸው ስም የተቈረጠው በስሕተት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ኪራይ የሚባልም አልነበረም፣ ቤቱን ሸጠውልኛል አለ። ጽሑፍ የለም። ከጎረቤቶቹ ሁለቱ አርፈዋል፤ አንዷ ልጇ ዘንድ ሄዳለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሁለት ዓመት ፈጀ።

እኔ ልምምዴን ከመጨረሴ በፊት ደረሰኞቹን ለጠበቃቸው ፎቶ ኮፒ ሳደርግ፣ ከስድስቱ አሮጌ ደረሰኞች አንዱን አገላበጥሁት። ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም፣ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ፣ «በተከራያቸው እጅ የተከፈለ» ተብሎ የተከራዩ ስም ተጽፏል። ሁለተኛውንም ገለበጥሁ፤ እንዲሁ ነው። ስድስቱም ላይ አለ። ተከራዩ የዚያን ጊዜ ተከራይ መሆኑን በራሱ አንደበት ተናግሮ ነበር፤ የጠየቀውም፣ የጻፈውም ሰው ነበር። ዳኞቹ ያመኑት ያንን ነው፤ ቤቱም ለእናቲቱ ተወሰነ።

እርሳቸው ያን ሠራተኛ አግኝተው ሊመርቁት ፈልገው ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ጠየቅንላቸው። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ያሉ አሉ፤ ሥራውን ለቋል ያሉም አሉ። ከጽሑፉ በታች ፊርማ አለ፤ ሦስት ሆነን ብንሞክር ስሙን ልናነበው አልቻልንም።